መንገድ መስሎ የተደበቀው ድልድይ

በደቡብ ፈረንሳይ ሶሚየር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ደርሳችኋል እንበል። የገበያ ቀን ነው። በጠባብ መንገድ ትሄዳላችሁ። ግራና ቀኙ ሱቅ ነው፣ ከሱቁ በላይ ሰው የሚኖርበት ፎቅ ነው። እንደማንኛውም የድሮ ከተማ መንገድ። ከዚያ አንድ ጥግ ላይ ደረጃ ታገኛላችሁ። ስትወርዱ ሌላ አደባባይ ይከፈታል። ዞር ብላችሁ ወደመጣችሁበት ስታዩ ነገሩ ይገለጣል። ለካ ቅድም የሄዳችሁበት የድልድይ ጀርባ ነው! ሱቆቹም ቤቶቹም የተደገፉት የሮማውያን ድልድይ ላይ ነው። የቆማችሁበት አደባባይ ደግሞ የድሮው የወንዙ ወለል ነው።

ይቺን ከተማ ለመረዳት ካርታ ብቻ አይበቃም። አንድ ጥያቄ ይዛችሁ መዞር አለባችሁ፦ «ውሃው ሲመጣ እስከየት ይደርሳል?» ድልድዩ፣ ገበያው፣ ቤቶቹ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ግንብ፣ ሁሉም ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ በዚያው መንገድ ይሄዳል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቦታውን እንያዝ። ሶሚየር 5 ሺህ ገደማ ሰው ይኖርባታል። ከኒምም ከሞንፔሊዬም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ያለችበት አውራጃ ስሙ «ጋር» ነው። አዎ፣ «ጋር»። አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ከጋር ጋር» ብሎ መጻፍ ምን እንደሚመስል ስላየሁት ከዚህ በኋላ ስሙን አላነሳውም። በስተሰሜን ሴቬን የሚባሉት ተራሮች አሉ። በስተደቡብ ሜዳ ነው፤ ከሜዳው ቀጥሎ ባሕር። ከተማዋ በሁለቱ መሃል ናት። ተራራው አልቆ ሜዳው ሊጀምር ሲል፣ ወንዝና ኮረብታ ከተገናኙበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ለነጋዴ ጥሩ ቦታ ነው፤ የደጋውም የባሕር ዳሩም ዕቃ ያልፍበታል። ለጎርፍ ግን ከዚህ የባሰ ቦታ መምረጥ ይከብዳል።

ወንዙ ቪዱርል ይባላል። ርዝመቱ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሚነሳው ከሴቬን ግርጌ፣ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ቦታ ነው። ሲነሳም ጠባዩ እንግዳ ነው። ሴንት ኢፖሊት የምትባል ከተማ ጋ ሲደርስ ውሃው ከዓይን ይሰወራል። ምድሩ የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ በውሃ ይሟሟል፣ ይቦረቦራል፣ ውስጡ ዋሻና ሽንቁር ይሞላል። ወንዙም በሽንቁሩ ገብቶ ከመሬት በታች ይሄዳል። ላዩ ደረቅ ጠጠር ሆኖ ይቀራል። ሶቭ የምትባለው መንደር ሲደርስ ከድንጋይ ሥር ቡልቅ ብሎ ይወጣል። ሶቭ ደግሞ በእንጨት መንሽ የታወቀች መንደር ናት። ዛፉን ገና በቁሙ፣ ቅርንጫፉን እየገረዙ ባለ ሦስት ጣት እንዲሆን አድርገው ያሳድጉታል። መንሽ እንደ ቡቃያ የሚበቅልበት አገር ነው። ይህን እግረ መንገዴን ነው ያነሳሁት።

ወደ ውሃው እንመለስ። ቪዱርልን በበጋ ብታዩት አታምኑትም። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ዳክዬ የሚንሳፈፍበት ነው። ከድልድዩ ቅስቶች አብዛኞቹ ሥራ የፈቱ ይመስላሉ። «ለዚች ውሃ ይህን ሁሉ ድንጋይ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎብኚ አይጠፋም። መልሱ የሚመጣው ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ባሉት ወራት ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሜዲትራኒያን ባሕር ከአየሩ እኩል አይቀዘቅዝም። ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም። ስለዚህ የሙቀቱ ወር አልፎ አየሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር ባሕሩ ገና የበጋውን ሙቀት ይዟል። ከላዩ ብዙ እንፋሎት ይነሳል። የደቡብ ነፋስ ያንን እርጥብ አየር ወደ ምድር ይነዳዋል። አየሩ ሜዳውን ያለችግር ያልፋል። ከዚያ ከሴቬን ተራሮች ጋር ይላተማል። ተራሮቹ ከ1,500 ሜትር በላይ የሚደርሱበት ቦታ አለ። አየሩ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን ውሃ መያዝ ያቅተዋል። ያፈሰዋል።

እስከዚህ ድረስ ተራራ ባለበት አገር ሁሉ የሚሆን ነገር ነው። የሴቬንን ልዩ የሚያደርገው ደመናው አለመንቀሳቀሱ ነው። በተለመደው ጊዜ ነጎድጓድ መጥቶ አንድ ሰዓት አጓርቶ ያልፋል። እዚህ ግን ነፋሱ ከባሕሩ አዲስ እንፋሎት እያመላለሰ ያንኑ ደመና ይቀልበዋል። አንዱ ዝናቡን ጨርሶ ሲበተን ሌላው እዚያው ቦታ ላይ ይወለዳል። ከታች ላለ ሰው አንድ ዝናብ ሳያቋርጥ ግማሽ ቀን፣ ከባሰም ሙሉ ቀን እንደዘነበ ነው። ፈረንሳዮች ለዚህ የተለየ ስም አላቸው፤ «የሴቬን ክስተት» ይሉታል። በ1900 ቫልሮግ በሚባል የተራራ መንደር በ24 ሰዓት ውስጥ 950 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተለክቷል።

ሚሊ ሜትር ለብዙዎቻችን ባዶ ቁጥር ነው። በዕቃ እናስበው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። 600 ሚሊ ሜትር ከዘነበ፣ ጠረጴዛ በምታህል ቦታ ላይ ሦስት ትላልቅ በርሜል ውሃ ተደፋ ማለት ነው። ፓሪስ በዓመት ሙሉ የምታገኘው ዝናብ ወደዚያ ገደማ ነው። በሴፕቴምበር 2002 ግን በቪዱርል አካባቢ አንዳንድ ቦታዎች ከ600 ሚሊ ሜትር በላይ በአንድ ቀን ወረደባቸው።

ዝናቡ ብቻውን ቢሆን አይገርምም። የምድሩ ቅርጽ ነው ክፉ። ቁልቁለቱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። የኖራ ድንጋዩ ዋሻ መጀመሪያ ውሃ ይጠጣል። ከጠገበ በኋላ ግን አንድ ጠብታ አይቀበልም፤ እንዲያውም የጠጣውን መልሶ ይተፋል። ጅረቶቹ ሁሉ በተቀራራቢ ሰዓት ወደ አንድ ወንዝ ይገባሉ። ያ ወንዝ ከተራራው ወርዶ መጀመሪያ የሚያገኛት ትልቅ ከተማ ሶሚየር ናት። ጎርፉ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። አንዳንዴ ከተማዋ ላይ ይህ ነው የሚባል ዝናብ ሳይጥል ውሃው ከላይ ይመጣል። በእኛ ቋንቋ «ደራሽ» የሚለው ቃል ለዚህ የተሰፋ ነው። የሶሚየር ሰዎችም የራሳቸው ቃል አላቸው። የወንዙን ስም ወስደው «ቪዱርላድ» ይሉታል። ጎርፍ ብቻ ማለት አልበቃቸውም። ቪዱርል የሠራው ሥራ፣ እንደማለት ነው።

የ2002ቱ ቪዱርላድ በሴፕቴምበር 8 እና 9 መጣ። ውሃው ሶሚየር ላይ ከ7 ሜትር በላይ ከፍ አለ። ይህ የሁለት ፎቅ ቁመት ነው። በከፍተኛው ሰዓት በሰከንድ 2,500 ሜትር ኪዩብ ያህል ውሃ እንዳለፈ ይገመታል። እንደገና በዕቃ እናስበው። አንድ ደህና የውሃ ቦቴ 10 ሜትር ኪዩብ ይይዛል ብንል፣ በየሰከንዱ 250 ቦቴ ማለት ነው። በየሰከንዱ! ለማነጻጸር፣ ፓሪስ እስካሁን የምታወራለት የ1910 የሴን ወንዝ ጎርፍ በሰከንድ ወደ 2,400 ሜትር ኪዩብ ነበር። ሴን ከፓሪስ በላይ ከ40 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ መሬት ውሃ ይሰበስባል። ቪዱርል ከመነሻው እስከ ባሕሩ 800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ። ትንሹ ወንዝ በዚያ ጎርፍ ከትልቁ በለጠ። በዚያ ዝናብ በአካባቢው በአጠቃላይ ከ20 በላይ ሰው ሞቷል።

አሁን ወደ ድልድዩ እንሂድ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው።

የተሠራው በንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ ዘመን ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 «ጢባርዮስ ቄሣር በነገሠ በአሥራ አምስተኛይቱ ዓመት» የሚለው ያው ሰውዬ። ከ14 እስከ 37 ዓ.ም. ነበር የገዛው። ጌታ በገሊላ በነበረበት ዘመን፣ በሌላው የሮማ ግዛት ጫፍ ድንጋይ ጠራቢዎች ይህን ድልድይ ሲያቆሙ ነበር ማለት ነው። ርዝመቱ ወደ 190 ሜትር ይደርሳል። ቅስቶቹ 17 ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የዛሬው ወንዝ ይህን ያህል አይሰፋም። ታዲያ ለምን 190 ሜትር? ሮማውያን ቁጥር አልተሳሳቱም። ድልድዩን የለኩት በበጋው ወንዝ አልነበረም፤ በጎርፉ ነው። ውሃው ሲሞላ ተዘርግቶ የሚያልፍበትን ወርድ አይተው ለዚያ ወርድ በር ከፈቱለት። 17 በር። የድልድይ ጠላቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ውሃ መታፈኑ ነው። ውሃ ሲታፈን ከፍ ይላል፣ ይገፋል፣ ከምሰሶው ሥር ያለውን አፈር እየጠረገ ይወስዳል። ብዙ በር ካለው ግን ይከፋፈላል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ከሮማውያን በኋላ ከተማ መጣች። መጀመሪያ ሰው የሰፈረው ኮረብታው ላይ፣ በግንቡ ጥላ ሥር ነበር። በመካከለኛው ዘመን ሕዝቡ ሲበዛ ቦታ ጠበበ። ቁልቁል ሲያዩ ሰፊ ደልዳላ መሬት አለ። በበጋ ደረቅ ነው። በላዩ ደግሞ ጠንካራ የድንጋይ ድልድይ ተዘርግቷል። ግንብ ሠርተው ወንዙን ወደ አንድ ጎን ገፉት። ድልድዩን ተደግፈው ቤት ሠሩ። ቅስቶቹን በግድግዳ ዘግተው ጓዳና መጋዘን አደረጓቸው። የድልድዩ ጀርባ መንገድ ሆነ። ዛሬ ወንዙ ላይ ቆመው የሚታዩት 7 ቅስቶች ናቸው። የቀሩት ከተማዋ ውስጥ ተቀብረዋል።

በአጭሩ፣ ሮማውያን ለወንዙ 17 በር ሰጡት፤ ከተማዋ ከግማሽ በላዩን ወሰደችበት። ወንዙ ግን አልረሳም። ሲሞላ በ7ቱ በር መውጣት ያቅተውና በድሮ መንገዱ ይመለሳል፤ በሰው ጓዳ በኩል። ሰዎች «ወንዙ ከተማ ገባ» ይላሉ። እኔ እንደሚገባኝ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከተማዋ ናት ወንዝ ውስጥ የገባችው።

ታችኛው ገበያ የሚባለው አደባባይ ይህን በዓይን ያሳያል። መግቢያ ላይ በደረጃ የወረዳችሁት እሱ ነው። ወለሉ የድሮው የወንዝ ወለል ከፍታ ላይ ነው። ዙሪያውን ያሉት ቤቶች መሬት አይነኩም ማለት ይቻላል። በወፍራም የድንጋይ ቅስት ላይ ተንጠልጥለዋል። ከሥራቸው ክፍት በረንዳ ነው፤ በገበያ ቀን ሻጭ ይቆምበታል፣ ጥላ ይሆናል። ጥላው መልካም ነው፣ የደቡብ ፀሐይ ቀላል አይደለም። ግን ቅስቱ ለጥላ ብቻ አይደለም። ቅስቱ ባይኖር ኖሮ ውሃ ሲመጣ ግድግዳ ይጠብቀው ነበር። ግድግዳ ከሌለ ምን ይገፋል? በሥሩ ያልፋል። የመኖሪያው ክፍል የሚጀምረው ከላይ ነው። በከተማዋ ግድግዳዎች ላይ የጎርፍ ከፍታ ምልክቶች ይታያሉ፤ መሥመር ተሰምሮ ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎበታል። አንዳንዱ ከአንድ ረጅም ሰው አናት በላይ ነው። ቀና ብሎ ማንበብ ደስ አይልም።

የአደባባዩ ስም ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። «የዶክተሮቹ ዳክስ አደባባይ» ነው። ዶክተሮቹ፣ በብዙ ቁጥር፤ አባትና ልጅ ናቸው። አባትየው ማርክ ዳክስ በሶሚየር የሚሠራ ሐኪም ነበር። በ1800 አንድ የፈረሰኛ ጦር መኮንን አገኘ። መኮንኑ ጭንቅላቱን በሰይፍ ቆስሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቃላት ይጠፉበታል። ቁስሉ በግራ በኩል ነበር። ዳክስ ይህን በልቡ ያዘ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከ40 በላይ ተመሳሳይ ሕመምተኞችን ነገር ሰበሰበ። አንደበታቸው የተያዘ ሰዎች ሽባ ሲሆኑ ሽባ የሚሆነው ቀኝ ጎናቸው ነው። ቀኝ ጎናችንን የሚያዝዘው ደግሞ ግራው አንጎል ነው። እንግዲህ የንግግር ቦታው ግራ ነው ማለት ነው። ይህን በ1836 ጻፈው። በማግሥቱ ዓመት ሞተ። ጽሑፉን ዓለም አላየውም።

ልጁ ጉስታቭ፣ እሱም ሐኪም፣ የአባቱን ሥራ ከራሱ ጋር አድርጎ በ1863 ወደ ፓሪስ ላከ። የታተመው በ1865 ነው። በዚያው 1865 ፖል ብሮካ የተባለው የፓሪስ ሐኪም ስለ ግራው አንጎል ያለውን አሳተመ። ዛሬ የሕክምና ተማሪ የሚያውቀው ብሮካን ነው፤ በአንጎል ላይ ያለው ቦታ ራሱ በስሙ ይጠራል። ለዳክሶች አደባባይ ደረሳቸው፤ እሱም ውሃ የሚሞላው። ማን ቀደመ የሚለውን የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። የሶሚየርን ሰው ከጠየቃችሁ መልሱን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ።

ከአደባባዩ ወጥታችሁ ወደ ወንዙ ስትሄዱ፣ ድልድዩ ከከተማዋ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ የሰዓት ግንብ ቆሟል። ሥሩ በር ነው፤ ድሮ የከተማዋ መግቢያ ነበር። ከወንዙ ማዶ ሆኖ ፎቶ የሚያነሳ ሁሉ የሚያነሳው ይህንኑ ነው፦ ቅስቶቹ ከሥር፣ ግንቡ ከበላይ። ከወንዙ ዳር የኮርማ መጫወቻ አረናም አለ። በዚህ ጨዋታ ኮርማ አይገደልም። ቀንዱ ላይ የታሰረውን ጥለት ሮጦ የሚነጥቅ ወጣት ያሸንፋል፤ ካልቻለ አጥር ይዘላል። ኮርማውም እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ስም ያወጣል።

ኮረብታው ላይ ያለው ግንብ ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ቤርሞን የሚባለው አራት ማዕዘን ማማ ግን ቆሟል። ስሙ አካባቢውን ይገዙ ከነበሩ መኳንንት የመጣ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ንጉሥ ቦታውን በእጁ አስገባ። በሃይማኖት ጦርነቱ ጊዜ ከተማዋ የፕሮቴስታንቶች ምሽግ ሆነች። በ1573 ተከበበች። በ1622 ደግሞ ሉዊ 13ኛ ራሱ ዘምቶ ያዛት። ድልድይ ያለው ከተማ ይህ ዕጣው ነው። መሻገሪያውን የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ ወደ እሷ ይመጣል። እኔን ግን ከጦርነቱ ይልቅ እይታው ይስበኛል። ከማማው ሥር ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ የከተማዋ ጣሪያ በሙሉ ከፊታችሁ ነው። የድልድዩን ቀጥ ያለ መሥመር ከወንዙ ጀምራችሁ በጣሪያዎቹ መሃል መከተል ትችላላችሁ። ከታች ሆኖ የማይታይ የነበረው 190 ሜትር ከላይ ይታያል።

ሰው ታዲያ ምን አደረገ? ከ1958ቱ ትልቅ ጎርፍ በኋላ ከሶሚየር በላይ ሦስት ግድቦች ተሠሩ። የመጀመሪያው በ1968፣ የመጨረሻው በ1982 አለቀ። ግድብ ስንል ሐይቅ አታስቡ። እነዚህ በአብዛኛው ዓመት ባዶ ናቸው። ግድግዳው ሥር ቀዳዳ አለ። የተለመደው ውሃ በቀዳዳው ያልፋል፤ ማንም አይነካውም። ጎርፍ ሲመጣ ግን ቀዳዳው ከሚያሳልፈው በላይ ስለሚሆን ውሃው ከግድግዳው ጀርባ ይከማቻል፣ በዝግታ ይለቀቃል። እንደ መታጠቢያ ሳህን ነው። ባልዲ ሙሉ ውሃ ብትደፉበት ማፍሰሻው በራሱ ልክ ነው የሚያወጣው። ጎርፉን አያስቀሩትም፤ አናቱን ይቆርጡታል። ለመካከለኛ ጎርፍ ይጠቅማሉ። እንደ 2002ቱ ላለው ሳህኑ ይሞላና ከአፉ ይገነፍላል።

ሌላው ሥራ ማስጠንቀቂያው ነው። በፈረንሳይ ከ2001 ጀምሮ የአየር ሁኔታ አደጋ በቀለም ነው የሚነገረው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። ከ2006 ጀምሮ የወንዞቹም ለብቻ በዚያው ቀለም ይወጣል። ማንም ሰው ስልኩ ላይ የቪዱርልን ከፍታ ያያል። ሰው ቀለሙን አይቶ መኪናውን ከፍ ወዳለ ቦታ ይወስዳል፣ ዕቃውን ወደ ፎቅ ያወጣል፣ በሩ ላይ ሳንቃ ይገጥማል። ውሃውን ማቆም አይቻልም፤ ሰዓት መሻማት ግን ይቻላል።

ስለ ሶሚየር ከተነሳ ነጩን አፈር መዝለል አይቻልም። «የሶሚየር አፈር» ይባላል። ደቃቅ የሸክላ ዱቄት ነው። ድሮ በአካባቢው ይቆፈር ነበር። በፈረንሳይ ከተማዋን ረግጧት የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ስም ያውቃል፤ በሱፐርማርኬት የጽዳት ዕቃ መደርደሪያ ላይ በጣሳ ተቀምጦ ይሸጣል። አሠራሩ ቀላል ነው። ልብስ ላይ ዘይት ሲፈስ፣ ውሃ ሳይነካው ዱቄቱን ወፈር አድርጋችሁ ትነሰንሱበታላችሁ። ጥቂት ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ትተዉታላችሁ። ከዚያ በብሩሽ ታራግፉታላችሁ። የሸክላው ቅንጣት እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላው ስለሆነ ስቡን ይመጠዋል። ስብ ብቻ ነው ታዲያ። ነጭ ሸሚዝ ላይ ወጥ ቢንጠባጠብ ዘይቱን ይወስድላችኋል፤ የበርበሬውን ቀለም ግን እዚያው ታገኙታላችሁ።

ጊዜ ካላችሁ አንድ ቦታ ልጨምር። ወንዙን ተከትላችሁ ወደ ባሕሩ ስትወርዱ አምብሩሱም የሚባል የሮማውያን ፍርስራሽ አለ። እዚያም ቪዱርልን የሚሻገር ድልድይ ነበር። የሮማ ዋና መንገድ፣ ከጣሊያን ወደ ስፔን የሚወስደው፣ በላዩ ያልፍ ነበር። የድንጋይ ንጣፉ ላይ የሠረገላ ጎማ የቆፈረው ፈለግ እስካሁን ይታያል፤ ጣት ቢያስገቡበት ይጠልቃል። እዚያ ግን ከተማው ቀረ። ድልድዩን የሚደግፍ ቤት፣ የሚጠግን እጅ አልነበረም። ሰዓሊው ጉስታቭ ኩርቤ በ1857 ሲስለው ሁለት ቅስት ቀርተውት ነበር። በ1933 ጎርፍ መጣና አንዱን ወሰደ። ዛሬ አንድ ቅስት ብቻውን ወንዙ መሃል ቆሟል። ከየትኛውም ዳር ጋር አይገናኝም። ውሃው ግራና ቀኙን ያልፋል።